ወደ ገጠር የወረደው የጨርቅ ማሕፀን

በ1759 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ለአንዲት አዋላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብዳቤው ማዳም ዱ ኩድሬ በመላው ግዛት እየተዘዋወሩ የማዋለድ ሙያን እንዲያስተምሩ የሚፈቅድ ነበር። ሴትየዋ ይዘውት የዞሩት ዋና መሣሪያ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ፣ በውስጡ ሙሌት የታጨቀበት፣ በእውነተኛ መጠን የተሠራ የሴት ወገብና ማሕፀን ነው። እርሳቸው በአጭሩ “ማሽኑ” ይሉታል።

ዛሬ የሕክምና ተማሪ ዓይኑን የሚሸፍን መነጽር አጥልቆ፣ በኮምፒውተር የተሣለ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ በሌለ ታካሚ ላይ እየተሳሳተ የሚማርበት ዘመን ላይ ደርሷል። ሕመም በማይሰማው አካል ላይ የመለማመድ ልማድ ግን ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ሕይወት ያተረፉትን መሣሪያዎች ከሌሎቹ የለያቸው የአሠራራቸው መራቀቅ ብቻ አልነበረም። መሣሪያው ተማሪዋ ወዳለችበት ይሄዳል ወይስ እርሷን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ከዱ ኩድሬ ጀምሮ ያልተቋረጠ ጥያቄ ነው።

ዱ ኩድሬ በፓሪስ ተምረው፣ በ1740 ተፈትነው ፈቃድ ያገኙ አዋላጅ ነበሩ። ከዓመታት የከተማ ሥራ በኋላ ኦቨርኝ ወደሚባለው ገጠር ሲሄዱ ያዩት ነገር አስደነገጣቸው። በመንደሩ የምታዋልደው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ናት፤ የምታውቀውም ከታላላቆቿ ያየችውን ነው። ልጅ በእግሩ ወይም በመቀመጫው ሲመጣ፣ የእንግዴ ልጅ አልወርድ ሲል፣ ምጥ ሲጠና በችኮላ በመጎተት ብዙ እናትና ሕፃን ይጎዳል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ንጉሡ ደግሞ የራሳቸው ጭንቀት ነበራቸው። አገሪቱ ከ1756 እስከ 1763 በዘለቀው ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የሕዝቡ ቁጥር ቀንሷል የሚል ሥጋትም በቤተ መንግሥቱ ነግሦ ነበር። የአዋላጇ ርኅራኄና የንጉሡ ፍላጎት በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ።

ማሽኑ የተሠራው በጥንቃቄ ነው። ሩዋን ከተማ በሚገኘው የሕክምና ታሪክ ሙዚየም እስከ ዛሬ የተረፈው ናሙና በኤክስሬይ ሲታይ በውስጡ እውነተኛ የዳሌ አጥንት ተገኝቶበታል። የማሕፀኑን አፍና የብልትን መለጠጥ የሚያሳዩ ማሰሪያዎችና ገመዶች አሉት። የጨርቁ ሕፃን አፍንጫ አለው፣ ጆሮው ተሰፍቷል፣ ጸጉሩ በቀለም ተሥሏል፤ አፉ ደግሞ ምላስ ያለበትና ጣት የሚያስገባ ነው። የአፉ ክፍተት ለጌጥ አልተሠራም። ሕፃኑ በእግሩ በሚመጣበት ጊዜ ራሱ እንዳይቀረቀር አዋላጇ ጣቷን አፉ ውስጥ አስገብታ አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ነበረባት፤ ይህን እጅ ራሱ ካልለመደው በቃል ሊነገር አይችልም። መንትዮችም ተሠርተውለታል። ፈሳሽ የጠጡ ስፖንጆችም የእንሽርት ውኃንና ደምን ለማሳየት ያገለግሉ ነበር።

ትምህርቱ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የገበሬ ሴቶች ስለነበሩ እያንዳንዷ በተራዋ በማሽኑ ላይ ታዋልዳለች፤ ስትሳሳት ትታረማለች፣ ደግማም ትሞክራለች። ዱ ኩድሬ የሚያስተምሩት ሴቶቹን ብቻ አልነበረም። በየከተማው ያሉ ቀዶ ሐኪሞችን እያሠለጠኑ፣ የማሽኑን ቅጂ እየተዉላቸው፣ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ያደርጉ ነበር። ከ1760 እስከ 1783 ድረስ ከአውራጃ አውራጃ ተጓዙ። በቀጥታ ያስተማሯቸው ሴቶች ከ4,000 እንደሚበልጡ ይገመታል።

እርግጥ ነው፣ ሐሳቡን የፈጠሩት እርሳቸው አልነበሩም። በ1027 በቻይና የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሐኪሙ ዋንግ ዌይዪ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሁለት የነሐስ ሰዎች አስቀርጸዋል። በነሐሱ ገላ ላይ የአኩፓንክቸር መርፌ የሚወጋባቸው ነጥቦች በቀዳዳ ተለይተው ነበር። በፈተና ቀን ገላው በሰም ይሸፈንና ውስጡ ፈሳሽ ይሞላል፤ ተፈታኙ ትክክለኛውን ነጥብ ከወጋ ፈሳሹ ይወጣል፣ ከሳተ መርፌው አይገባም። በጣሊያን ቦሎኛ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሙ ጆቫኒ አንቶኒዮ ጋሊ ተማሪዎቻቸውን ዓይናቸውን ሸፍነው በማዋለጃ ሞዴል ላይ ያሠሯቸው ነበር፤ እውነተኛ አዋላጅ ማሕፀን ውስጥ ያለውን በዓይኗ አታይምና። በለንደንም ዊልያም ስሜሊ በተመሳሳይ መሣሪያ ያስተምሩ ነበር። እነዚህ ሁሉ ድንቅ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ያሉት በመዲናና በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ተማሪው ወደ እነርሱ መምጣት ነበረበት። ዱ ኩድሬ የጨመሩት መንገዱን ነው።

በሕያው አካል ፈንታ በሞዴል መማር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ ቪየና በመራራ መንገድ አሳይታለች። በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዮሃን ቦኤር ተማሪዎቻቸው በሬሳ ላይ እንዲለማመዱ አልፈቀዱም፤ የሚያስተምሩት በሰው ሠራሽ ሞዴል ነበር። በእርሳቸው ዘመን ከ100 ወላዶች የሚሞቱት አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ቦኤር ተነሥተው ዮሃን ክላይን ሲተኩ ትምህርቱ ወደ ሬሳ ተመለሰ። ተማሪዎች ከሬሳ ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምሩ ጀመር፤ የእናቶች ሞትም አሻቀበ።

በኋላ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ለሕክምና ተማሪዎች፣ ሌላው ለአዋላጅ ተማሪዎች። አዋላጆቹ ሬሳ አይነኩም ነበር። በ1846 በሕክምና ተማሪዎቹ ክፍል ከ100 እናቶች ከ11 በላይ ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት ከ3 ያነሱ ነበሩ። ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በቀጣዩ ዓመት ምክንያቱን ከሬሳ በሚመጣ ብክለት ላይ ጣሉ፤ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ አዘው ሞቱን ዝቅ አደረጉት። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ እጅ መታጠብ ነው፤ ስለ ትምህርት ያለው ቁም ነገር ግን ከዚያ አያንስም። በዚያ ሆስፒታል የሚወልዱት በአብዛኛው ድሃ ሴቶች ነበሩ። ነፃ ሕክምና የሚያገኙት ለተማሪ መለማመጃ ሆነው ነው። የትምህርቱ ዋጋ የተከፈለው በእነርሱ ሕይወት ነበር።

ሞዴሉ በብዛት ወደ ትምህርት ቤት የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በነርሶች በኩል ነው። በ1911 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት የፖታኬት ከተማ ነዋሪ የሆኑትን አሻንጉሊት ሠሪ ማርታ ቼዝን በአዋቂ ሰው ቁመት አሻንጉሊት እንዲሠሩ ጠየቀ። እስከዚያ ድረስ ታካሚን ማገላበጥ፣ ማጠብና አልጋ ላይ ማሳረፍ የሚለመደው አንድም በሳር በተሞላ ዳሚ፣ አንድም እርስ በርስ ነበር። “ሚስስ ቼዝ” የተባለችው አሻንጉሊት መገጣጠሚያዎቿ ይታጠፋሉ፣ ገላዋ ይታጠባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ መርፌ የሚወጋበት ክንድና በውስጧ ፈሳሽ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ተጨመረላት። በአሠራሯ ጠንካራ ስለነበረች ለአሥርት ዓመታት በበርካታ ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች አልጋ ላይ ተኝታ ትውልድ አስተምራለች።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የመጣውም ከአሻንጉሊት ፋብሪካ ነው። በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ አስሙንድ ሌርዳል የልጆች መጫወቻ ይሠሩ ነበር፤ ለስላሳ ፕላስቲክ በመቅረጽም ስም አውጥተዋል። የሁለት ዓመት ልጃቸው ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሊሞት ሲል ራሳቸው ደርሰው አትርፈውታል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በባልቲሞር ዶክተር ፒተር ሳፋርና ባልደረቦቻቸው፣ እስትንፋሱ የቆመን ሰው በአፍ ለአፍ ትንፋሽ ማትረፍ እንደሚቻል በጥናት አረጋገጡ። ነገር ግን ይህን ጤነኛ ሰው ላይ መለማመድ አስቸጋሪም አደገኛም ነበር። የኖርዌይ የሰመመን ሐኪሞች ጉዳዩን ለሌርዳል ሲያቀርቡላቸው የመጫወቻ ሠሪው እጅ መልስ አገኘለት። በ1960 “ሪሰሲ አን” የተባለችው አሻንጉሊት ለዓለም ቀረበች።

ፊቷ የተወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ ተገኘች ተብሎ ከሚነገርላት ማንነቷ ያልታወቀ ወጣት የፊት ቅርጽ ነው። በዚያው በ1960 ከባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ ሌላ ጥናት ደረትን በመጫን የቆመን ልብ ማገዝ እንደሚቻል አሳየ፤ ሌርዳልም በአሻንጉሊቷ ደረት ውስጥ ስፕሪንግ ጨመሩ። ዶክተር ቢዮርን ሊንድ ደግሞ የማስተንፈስ ትምህርቱን በኖርዌይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስገቡት። ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ልጆች፣ እሳት አደጋ ሠራተኞችና ሾፌሮች የሚማሩት ሙያ ሆነ።

በዚሁ ዘመን በካሊፎርኒያ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ተቃራኒ ዕጣ ገጠመው። በ1967 የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስቲቨን አብርሃምሰንና ጃድሰን ዴንሰን ከጠፈርና ከመከላከያ ኢንዱስትሪ መሐንዲሶች ጋር ሆነው “ሲም ዋን”ን ሠሩ። በኮምፒውተር የሚመራው ይህ ሰው ሠራሽ ታካሚ ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል ይሰፋል፤ በደም ሥር ለሚሰጠው መድኃኒትም ምላሽ ይሰጣል። የሰመመን ሰልጣኞች የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን በእርሱ ላይ በፍጥነት ተማሩ። ከዘመኑ እጅግ የቀደመ ሥራ ነበር። ዋጋው ግን የማይቀመስ ሆነ፤ የተሠራውም አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ክፍል ሳይወጣ ታሪኩ አበቃ። በስፕሪንግ የምትሠራዋ አን ዓለምን ስትዞር በኮምፒውተር የሚመራው ሲም ዋን በቦታው ቀረ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ሌላ ሐሳብ ተወልዶ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ በ1963 አንድ ጤነኛ ሰው የአንድን ታካሚ ምልክትና ታሪክ አጥንቶ እንደ በሽተኛ እንዲቀርብ አሠለጠኑ። በ1975 ደግሞ በስኮትላንድ ዳንዲ ሮናልድ ሃርደን ተፈታኞች ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በተወሰነ ደቂቃ አንድ አንድ ክህሎት የሚያሳዩበትን የፈተና ዓይነት አቀረቡ። የኢትዮጵያ ሕክምና ተማሪዎች “ኦስኪ” እያሉ የሚጨነቁበት ፈተና ከዚያ የመጣ ነው። ሁለቱም ሐሳቦች በየአገሩ የተስፋፉት የሚጠይቁት ሰው፣ ክፍልና ዝግጅት ብቻ ስለሆነ ነው።

ከአቪዬሽን የመጣው ትምህርት ደግሞ ለሕክምናው ሌላ በር ከፈተ። በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች በመጥፎ አየር ፖስታ ሲያመላልሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካቶች ሞቱ፤ ጦሩም የኤድዊን ሊንክን የበረራ መለማመጃ ሣጥን ለመግዛት ተገደደ። ሊንክ መሣሪያውን የሠሩት ከአባታቸው የኦርጋን ፋብሪካ ባገኙት የአየር ግፊት ዕውቀት ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በስታንፎርድ የሰመመን ሐኪሙ ዴቪድ ጋባ ይህን መንገድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አመጡት። የእርሳቸው ዋና ትኩረት የአንድ ሰው የእጅ ክህሎት አልነበረም፤ ቡድኑ በቀውጢ ሰዓት እንዴት ይነጋገራል፣ ማን ይመራል፣ ማን ስህተቱን አይቶ ይናገራል የሚለው ነበር። ልምምዱ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ካለቀ በኋላ ቡድኑ ቁጭ ብሎ የሠራውን እያየ ይወያይበታል። ብዙ አሠልጣኞች ከልምምዱ ይልቅ ትምህርቱ ያለው በዚህ ውይይት ውስጥ እንደሆነ ይመሰክራሉ።

በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት የገመተ ሪፖርት ሲያወጣ፣ በሕያው ታካሚ ላይ መማር የሚለው አሮጌ ልማድ መከላከያ አጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዬል ዩኒቨርሲቲ የቨርቹዋል ሪያሊቲን (በኮምፒውተር የተሣለ ዓለምን) አቅም የሚመሰክር ጥናት ወጣ። 16 የቀዶ ሕክምና ሰልጣኞች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በቨርቹዋል መለማመጃ ሠለጠኑ። ከዚያ ሁሉም በእውነተኛ ታካሚ ላይ የሐሞት ከረጢት ሲያወጡ በቨርቹዋል የሠለጠኑት 29 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ፤ ያልሠለጠኑት ደግሞ ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ያልታሰበ ሥጋ የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆነ። በ2011 የታተመ፣ 609 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተናም በሲሙሌሽን (በማስመሰያ ልምምድ) መማር ዕውቀትንና ክህሎትን በጉልህ እንደሚያሳድግ፣ ለታካሚም መጠነኛ ጥቅም እንደሚያስገኝ አረጋገጠ።

ሆኖም ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ የሆኑት ማስረጃዎች ከማዋለጃ ክፍል የመጡ ናቸው። በእንግሊዝ ብሪስቶል የሚገኘው ሳውዝሚድ ሆስፒታል በ2000 ለማዋለጃ ክፍል ሠራተኞች በሙሉ ዓመታዊ የሲሙሌሽን ሥልጠና ግዴታ አደረገ። አንዱ ልምምድ የሕፃኑ ትከሻ ከራሱ መውጣት በኋላ የሚቀረቀርበት አጋጣሚ ነው። በ2008 በታተመው ውጤት፣ በዚህ አጋጣሚ የሚጎዱ ሕፃናት ከ9.3 በመቶ ወደ 2.3 በመቶ ወርደዋል። ሥልጠናው የተሰጠው በራሱ በሆስፒታሉ፣ አብረው ለሚሠሩ ሰዎች ነበር።

ታንዛኒያ ደግሞ ትልቁን ትምህርት ሰጠች። በ2010 “ሕፃናት እንዲተነፍሱ እንርዳ” የተባለው ሥልጠና በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መሪነት ሲጀመር፣ መለማመጃው “ኒዎናታሊ” የተባለች ቀላል አሻንጉሊት ሆነች። ውኃ ሲሞላባት የአራስ ሕፃን ክብደት ይኖራታል፤ አሠልጣኙ በእጁ እየጨመቀ ደረቷን ያስተነፍሳታል፣ እትብቷንም ያስመታል። ኤሌክትሪክ አትፈልግም። በታንዛኒያ ስምንት ሆስፒታሎች ሥልጠናው ከተሰጠ በኋላ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በ47 በመቶ ቀነሱ። ነገር ግን በዚያው አገር በሃይዶም ሆስፒታል የተደረገ ጥናት፣ የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻውን አዋላጆቹ በአሻንጉሊቷ ላይ ጎበዝ እንዲሆኑ ቢያደርግም በእውነተኛው ወሊድ ላይ አሠራራቸውን እንዳልቀየረ አሳየ። ሆስፒታሉ አሻንጉሊቷን ከማዋለጃው ክፍል አቅርቦ፣ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ መለማመድን የሥራው አካል ሲያደርግ ግን የአራስ ሞት ቀነሰ።

የቨርቹዋል ትምህርትም በአፍሪካ ይኸው ፈተና ገጥሞታል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አራስን የማዳን ሂደት በሞባይል ጨዋታ መልክ አዘጋጅቷል፤ በናይጄሪያና በኬንያ ደግሞ በስልክ የሚሠራ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መለማመጃ በጤና ሠራተኞች ላይ ተሞክሯል። በኢትዮጵያ በ73 የጤና ተቋማት የተሠራውና በ2016 የታተመው ጥናት የማዋለድ ሂደትን በአኒሜሽን ቪዲዮ የሚያሳይ የሞባይል መተግበሪያ የፈተሸ ነበር። ስልኩ የተሰጣቸው ሠራተኞች አራስን በማስተንፈስ ክህሎታቸው በግልጽ በለጡ፤ የሕፃናቱ ሞት ላይ የታየው ልዩነት ግን በአኃዝ አስተማማኝ ለመባል አልበቃም። ስልኩም መነጽሩም የማይሰለች መምህር ናቸው፤ በዓመት አንዴ የሚያጋጥምን ድንገተኛ ችግር አሥር ጊዜ ያሳያሉ። የሕፃን አገጭ በጣት ሲታጠፍ፣ ማሕፀን በመዳፍ ሲጨመቅ የሚሰማውን ግን ዛሬም በአግባቡ የሚያስተምረው የሚዳሰስ አካል ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር፤ በጤና ተቋም የሚወለዱትም በወቅቱ ከ100 26 ብቻ ነበሩ። እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ በመጡ ቁጥር የሚቀበላቸው እጅ የተለማመደ መሆን አለበት። የጤና ሳይንስ ኮሌጆች “ስኪል ላብ” የሚሉትን ክፍል ለፈተና ሰሞን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሊያደርጉት ይገባል። ጤና ቢሮዎችም መነጽርና ኮምፒውተር ከመግዛታቸው በፊት በየጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል አንዲት በውኃ የምትሞላ አሻንጉሊት፣ አንድ የማስተንፈሻ ከረጢትና ጭምብል፣ በየሳምንቱም ጥቂት የልምምድ ደቂቃዎች መኖራቸውን ያረጋግጡ። አዲሱ ቴክኖሎጂ በዚያ ላይ ሲደመር እሰየው ነው፤ በዚያ ፈንታ ከመጣ ግን የገጠሯ አዋላጅ ጋር አይደርስም።